የበረንዳ በር አገጣጠም፦ ባለ ሁለት መዝጊያ የአሉሚኒየም በር ለባሕር ዳር ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ የበረንዳ በር የሚፈተነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ነፋስ ዝናቡን አጋድሞ መስታወቱን ይመታዋል፤ ውሃው በመስታወቱ ወርዶ ደፉ ላይ ይጠራቀማል፤ ደፉ በደንብ ካልተሠራ ሳሎን ይገባል። በር የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ፕሮፋይሉ (በሩ ስለሚሠራበት የአሉሚኒየም ዘንግ) ቀለም፣ ስለ መስታወቱ ዓይነትና ስለ እጀታው ነው። መስታወቱም እጀታውም ሲያስፈልግ ይቀየራሉ። ሳያፈርሱ ማስተካከል የማይቻለው ከበሩ ሥር ያለውን ደፍና ማጠፊያው የሚታሰርበትን መቃን ነው። እዚያ ላይ የተፈጠረች የ5 ሚሊ ሜትር ስህተት በሩ እስካለ ድረስ አብራው ትኖራለች። መመሪያው ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደውም እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

ለምሳሌ የተወሰደው ወርዱ 1.80 ሜትር፣ ቁመቱ 2.20 ሜትር የሆነ ክፍተት ነው። ግድግዳው የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ሆኖ በሁለቱም ገጽ ተለስኗል። የእርስዎ ልክ ቢለይም አሠራሩ ያው ነው።

ክፍተቱ

አዲስ ቤት ከሆነ ግንበኛውን በጊዜ ያነጋግሩት። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኬቶች ሆድ ረድፍ በረድፍ በኮንክሪት እየሞላ እንዲወጣ ያድርጉ። የብሎኬት ቅርፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የግድግዳ መሰኪያ) ገብቶበት ብሎኑ ሲጠብቅ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ይሰበራል። በሩ ሲገጠም ጠንካራ ይመስላል፤ በነፋስ ጥቂት ጊዜ ከተላተመ በኋላ ግን መቃኑ መነቃነቅ ይጀምራል። ሆዱን መሙላት በግንባታ ጊዜ ጥቂት ባሬላ ኮንክሪት ነው የሚፈጀው፤ በኋላ ግን በምንም ዋጋ በቀላሉ አይገኝም።

ነባር ቤት ላይ ከሆነ ደግሞ ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ያለውን መስኮት ወርዱን ሳይነኩ ወደታች ማውረድ ነው። ከመስኮቱ በላይ ያለው ሊንቴል (ከላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከመው አግድም ድጋፍ) እንዳለ ይቀራል፤ የሚፈርሰው ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ከመዶሻ በፊት የሁለቱን ጎን መስመር ከውስጥም ከውጭም በግራይንደር ይቁረጡ፤ አለዚያ የቀረው ግድግዳ ልስን እየተገነጠለ ይሄዳል። ወለሉ ላይ ሲደርሱ የመሠረቱን ቤም እንዳይነኩ ይጠንቀቁ።

ወርዱ የግድ መስፋት ካለበት አዲስ ሊንቴል ያስፈልጋል፤ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ገብቶ ማረፍ አለበት። ከላይ ያለው ግድግዳና ጣሪያ በድጋፍ ሳይያዝ አንድም ብሎኬት አይነሳም፤ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላም ድጋፉ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውሃ ይጠጣ። ቤቱ ፎቅ ካለው ወይም ክፍተቱ ወደ ምሰሶ የሚጠጋ ከሆነ የመሐንዲስ ሥራ ነውና በግምት አይሞክሩት። የግንባታ ፈቃድ ጉዳይንም ከማፍረስዎ በፊት ከከተማው አስተዳደር ይጨርሱ።

መሬቱ ጥቁር አፈር በሆነበት ሰፈር አንድ ነገር ይመልከቱ። ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ግድግዳውን ይዞት ይንቀሳቀሳል። ከበሩ አናት ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጣሪያ የሚያመራ ስንጥቅ ካለና በክረምትና በበጋ ስፋቱ የሚለያይ ከሆነ፣ የበረንዳውን ውሃ ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ ሳይሠሩ አዲስ በር አይግጠሙ። ቤቱ እየተንቀሳቀሰ በር ልኩን ጠብቆ አይቆይም።

ወደ ውጭ ወይስ ወደ ውስጥ?

ፊቱ ወደ ጣና ለዞረ በረንዳ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ይሻላል። ከተማው ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ከውሃው የሚነሳው ነፋስ በሩን ፊት ለፊት ይገፋዋል። ወደ ውጭ የሚከፈት መዝጊያ ሲገፋ በመቃኑ ዙሪያ ያለው የማሸጊያ ጎማ ላይ ይበልጥ ይጫናል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን ግን ያው ነፋስ ከጎማው ያላቅቀዋል፤ በላላው ቦታም ውሃ ይገባል። ዝናብ የመታው መዝጊያ ሲከፈትም ጠብታው በረንዳው ላይ ይቀራል።

ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሦስት ተጨማሪ ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ተከፍቶ ሲቆም የሚይዘው ማቆሚያ፤ ያለ ማቆሚያ አንድ ኃይለኛ ነፋስ መዝጊያውን ከግድግዳ ጋር አላትሞ መስታወቱን ሊሰብረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ማጠፊያው ከውጭ ስለሚቀር ዘንጉ በመዶሻ ተመትቶ የማይወጣ፣ የሚይዘው ብሎንም በሩ ሲከፈት ብቻ የሚደረስበት ዓይነት መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የወባና የትንኝ መከላከያ ወንፊቱ ከውስጥ በኩል ይሆናል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ የሚደርስበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ወንፊቱን በኋላ የሚጨመር ነገር አድርገው አይተዉት፤ የመቃኑ ፕሮፋይል ሲመረጥ ለወንፊቱ የሚሆን ቦታ እንዲኖረው ለአሉሚኒየም ሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩት።

በረንዳው ላይ በሩ ሥር የተጠጋ የብረት ፍርግርግ ካለ ምርጫ የለም፤ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል። እንዲህ ከሆነ በእያንዳንዱ መዝጊያ ግርጌ ውጫዊ ገጽ ላይ ውሃ ወደ ውጭ የሚያንጠባጥብ ከንፈር ያሠሩበት።

ልኬት

ወርዱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይለኩ፤ ቁመቱንም በግራ፣ በመሐልና በቀኝ። የሚያዘው ትንሹ ቁጥር ነው። ከወርዱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከቁመቱ 10 ሚሊ ሜትር ይቀንሱ፤ በምሳሌያችን መቃኑ 1,780 በ2,190 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁመቱ የሚለካው ደፉ ከሚያርፍበት ገጽ ተነስቶ ነው እንጂ ከሳሎኑ ሴራሚክ አይደለም፤ ወርክሾፕ ሄደው ከሚመለሱ በሮች ብዙዎቹ እዚህ ላይ የተሳሳቱ ናቸው።

ሦስቱ የወርድ ልኬቶች ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ክፍተቱ በልስን ይስተካከል። ሰፊ ጉድለት በሲሊኮን የሚሞላ ከሆነ ሲሊኮኑ በአንድ ክረምት ይላቀቃል።

የወለሉን ልክ ለማስተላለፍ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ባለ ውሃ ግልጽ ቱቦ ከአጭር ውሃ ልክ ይበልጣል። ከሳሎኑ ወለል አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በሁለቱም የክፍተቱ ጎን ምልክት ያድርጉ። ቱቦው ውስጥ አረፋ ካለ ምልክቱ ይሳሳታል፤ ከመለካትዎ በፊት ሁለቱን ጫፍ አጠጋግተው ውሃው እኩል መቆሙን ይዩ።

ደፉ

የበረንዳው ወለል በሩ ሥር ከሳሎኑ ወለል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ 10 ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ወደ ውጭ በየሜትሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ይሂድ። 2 ሜትር ስፋት ያለው በረንዳ ከበሩ እስከ ጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው።

በረንዳውና ሳሎኑ እኩል ሆነው ሴራሚክ ከተነጠፈባቸው ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ከበሩ ሥር 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል የኮንክሪት ደፍ ማውጣት ነው፤ ውሃ ያቆማል፣ ግን እግር ይመታዋል፤ አዛውንት ወይም ሕፃን ላለበት ቤት አይመችም። ሁለተኛው በበሩ ፊት በሙሉ ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ቆፍሮ በወንፊት ብረት መክደንና ውሃውን ወደ ግቢ ማውጣት ነው። ሥራው ይበዛል፤ ቢሆንም የተሻለው እሱ ነው።

የደፉን ማረፊያ በ1 ለ3 የሲሚንቶና የአሸዋ ሙርታ ያስተካክሉ፤ በርዝመቱ ፍጹም ልክ፣ በስፋቱ ወደ ውጭ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያጋደለ ይሁን። ደርቆ ከጠነከረ በኋላ ጣሪያ ላይ ከሚነጠፈው የሬንጅ ሜምብሬን 2.10 ሜትር ርዝመትና 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ያንጥፉ። ከሁለቱ ጫፎች 15 ሴንቲ ሜትር በጎን ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ በውስጥ በኩል ከደፉ ጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይታጠፋል፤ በውጭ በኩል የማረፊያውን ጠርዝ አልፎ ወደታች ይወርዳል። ቅርጹ ሦስት ግድግዳ ያለው ፊቱ ክፍት ትሪ ነው፤ ዓላማው ከፕሮፋይሉ ሥር ሾልኮ የገባ ውሃ ሁሉ መሄጃው ውጭ ብቻ እንዲሆን ነው። ማዕዘኖቹን አይቁረጡ፤ እንደ ጨርቅ አጥፈው ይለጥፉ። ውሃ የሚያስገቡት ቀጥ ያሉት ቦታዎች ሳይሆኑ እነዚህ ሁለት ማዕዘኖች ናቸው።

መቃኑን ማቆም

መቃኑን ከማንሳትዎ በፊት ወለል ላይ አጋድመው ሁለቱን ሰያፍ (ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን) ይለኩ። ለ1,780 በ2,190 መቃን እያንዳንዱ ሰያፍ 2,822 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሁለቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሊለያዩ አይገባም።

ሜምብሬኑ ላይ ሁለት የሲሊኮን መስመር ዘርግተው መቃኑን ያቁሙበት። መጀመሪያ የሚታሰረው ዘወትር የሚከፈተው መዝጊያ ማጠፊያ ያለበት ቋሚ ነው። ከመቃኑና ከግድግዳው መካከል የፕላስቲክ ሽብልቅ እያስገቡ በሁለት አቅጣጫ ቱምቢውን (ቀጥ ብሎ መቆሙን) ይጠብቁ፤ አንዱ በግድግዳው ፊት፣ ሌላው በግድግዳው ውፍረት። ብዙ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አይቶ ሁለተኛውን ይረሳል። በ2.20 ሜትር ቁመት የሚፈቀደው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ነው። የእንጨት ሽብልቅ እርጥበት ሲጠጣ አብጦ ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ አይጠቀሙበት።

ሁለቱም ቋሚዎች በተፈቀደው ልዩነት ውስጥ ሆነውም በሩ ጠማማ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቋሚ ከታች ትንሽ ወደ ውጭ፣ ሌላው ትንሽ ወደ ውስጥ ካጋደለ መዝጊያዎቹ ከላይ ሲገጥሙ ከታች ይለያያሉ። ይህን ለማወቅ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ሲባጎ አጣብቀው በመስቀል ይዘርጉ። መሐል ላይ ሲባጎዎቹ መነካካት አለባቸው። ቢራራቁ፣ አንዱን ቋሚ ከታች ወይም ከላይ በጥቂቱ ይግፉት። ይህ ፍተሻ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው፤ ከታሰረ በኋላ ግን መላ የለውም።

ማሰሪያው ከየማዕዘኑ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይጀምርና ከ60 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ይቀጥላል። በምሳሌያችን በየጎኑ 5፣ ከላይ 4፣ በድምሩ 14 ማሰሪያ ይሆናል። ደፉ ላይ ብሎን አይምቱ፤ የሜምብሬኑን ትሪ ይበሳዋል። ለተሞላ ብሎኬት ወይም ለኮንክሪት ምሰሶ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ረጅም ፊሸር ይበቃል። ሆዱ ባዶ ከሆነ ለባዶ ብሎኬት የተሠራውን ረጅሙን ይፈልጉ፤ ድሪሉንም የመዶሻ ምቱን አጥፍተው በማሽከርከር ብቻ ይብሱ፤ ምቱ ቅርፊቱን ከጀርባ ይገነጥለዋል። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን። ተራ ብረትና አሉሚኒየም በእርጥበት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

እያንዳንዱ ብሎን አጠገብ ሽብልቅ መኖር አለበት። ባዶ ቦታ ላይ ብሎን ሲጠብቅ ፕሮፋይሉ ወደ ግድግዳው ይጎበጣል፤ ያኔ መዝጊያው መሐሉ ላይ ሰፊ ክፍተት ያሳያል። በእያንዳንዱ ብሎን መካከል ቱምቢውን ደግመው ይመልከቱ።

ልስን በሚለሰንበት ጊዜ ሲሚንቶ አሉሚኒየሙን እንዳይነካ የፕላስቲክ ሽፋኑ ይቆይ። እርጥብ ሲሚንቶ የአሉሚኒየምን ቀለም ይበላል፤ ጠብታ ካረፈ ወዲያው በውሃ ይታጠብ። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ሽፋኑን ቶሎ ይላጡት። ፀሐይ ከመታው ማጣበቂያው ደርቆ ይቀራል።

መዝጊያዎቹና መስታወቱ

ለዚህ ቁመት በአንድ መዝጊያ ሦስት ማጠፊያ ያስፈልጋል። ክብደቱን የሚያመጣው መስታወቱ ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በየሚሊ ሜትር ውፍረቱ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። የ6 ሚሊ ሜትር መስታወት ስፋቱ 1.4 ካሬ ሜትር ከሆነ 21 ኪሎ ነው። በር ላይ የሚገባው መስታወት ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ይሁን፤ ቢሰበር ወደ ደቃቅ ቁርጥራጭ ይፈራርሳል። ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ መቁረጥም መብሳትም እንደማይቻል አስታውሰው ልኩን መዝጊያው ከተሠራ በኋላ ይስጡ።

መስታወቱ በቀጥታ አሉሚኒየም ላይ አያርፍም፤ በጠንካራ ፕላስቲክ ቁርጥራጮች ላይ ይቀመጣል። የቁርጥራጮቹ ቦታ የበሩን ዕድሜ ይወስናል። አንደኛው በማጠፊያው በኩል ባለው የታችኛው ማዕዘን፣ ሌላው በቁልፉ በኩል ባለው የላይኛው ማዕዘን ተወጥሮ ይገባል፤ በታችኛው ማዕዘን ከሥሩም ከጎኑም፣ በላይኛው ከአናቱም ከጎኑም። እንዲህ ሲሆን መስታወቱ እንደ ሰያፍ ድጋፍ ሆኖ የመዝጊያውን ጫፍ አንጠልጥሎ ይይዘዋል፤ ክብደቱም ወደ ታችኛው ማጠፊያ ይወርዳል። ቁርጥራጮቹ በግርጌ ብቻ ከተደረደሩ መዝጊያው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይወርድና ደፉን ይፈገፍጋል። ሰው ማጠፊያው ረከሰ ይላል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የመስታወቱ አቀማመጥ ነው።

ከሁለቱ መዝጊያዎች ዘወትር የማይከፈተው (ቋሚው መዝጊያ) ከላይና ከታች በመቀርቀሪያ ይያዛል፤ ተከፋቹ በእሱ ላይ ተደርቦ ይዘጋል። የታችኛው መቀርቀሪያ የሚገባበት ቀዳዳ አሸዋና ውሃ ስለሚሰበስብ ከመቀርቀሪያው ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር ጠለቅ ይበል። ጥልቀቱ ግን የደፉ ፕሮፋይል ውስጥ ይለቅ፤ ሥሩ ያለውን ሜምብሬን አይብሱ።

መድፈን

በመቃኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በፎም (ከቆርቆሮ ወጥቶ በሚያብጥ ማሸጊያ) ይሙሉ፤ አንድ 750 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ይበቃል። ፎም የሚደርቀው በእርጥበት ነው፤ መጀመሪያ ግድግዳውን በውሃ ረጨት ያድርጉት። ግማሹን ብቻ ይሙሉ፣ ቀሪውን ራሱ ያብጣል። ከመጠን በላይ ከተሞላ መቃኑን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ፎሙ እስኪደርቅ መዝጊያዎቹ ተዘግተው፣ በመካከላቸው ስስ ሽብልቅ ገብቶ ይቆዩ። ፎም ፀሐይ ከነካው ስለሚፈርስ ተቆርጦ በሲሊኮን ወይም በልስን መሸፈን አለበት።

ሲሊኮን ሲገዙ ሽታውን ይጠይቁ። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ለመታጠቢያ ቤት ሴራሚክና ለመስታወት ነው፤ አሲዱ ከሲሚንቶ ጋር ስለሚጋጭ ልስን ላይ አይዝም፣ ብረትንም ያዝጋል። ለዚህ ሥራ ኒውትራል የሚባለው ነው የሚሆነው። ለውጭና ለውስጥ ዙሪያ ሦስት ባለ 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ ይያዙ። ግድግዳው ደረቅና ከአቧራ የጸዳ ይሁን። በዚህ ምክንያት ሥራውን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቢያደርጉት ይሻላል።

የደፉ ፕሮፋይል ውጫዊ ፊት ላይ ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በሲሊኮን ወይም በሙርታ ከተደፈኑ ፕሮፋይሉ ውስጥ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ወደ ሳሎን ይመለሳል። ሠራተኛው ለውበት ብሎ እንዳይደፍናቸው አጠገቡ ሆነው ይከታተሉ።

ፍተሻና የሚያጋጥም ብልሽት

ለሠራተኛው ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት በሩን በቱቦ ውሃ ይፈትኑት። ከታች ይጀምሩ፤ ደፉን ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ ጎኖቹን፣ በመጨረሻ አናቱን። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያዳርስ የሚያስገባው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

በሩ ለቀቅ ሲደረግ ራሱ የሚከፈት ወይም የሚዘጋ ከሆነ የማጠፊያው ቋሚ በግድግዳው ውፍረት አቅጣጫ አጋድሏል። መዝጊያው በቁልፉ በኩል ደፉን ከነካ መጀመሪያ የላይኛውን ማጠፊያ ብሎኖች ያጥብቁ፤ ካልተሻለ የመስታወቱን ቁርጥራጮች ይመልከቱ፤ መቃኑን መነካካት የመጨረሻው ነው። ሊዘጋ ሲል ወደኋላ የሚገፋ በር ማጠፊያዎቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አይደሉም፤ የመሐሉን ፈትተው በሩ ከተለቀቀ ጥፋቱ እሱ ነው። በደረቅ ወራት ደህና ሆኖ በክረምት ብቻ የሚጣበቅ በር ካለ ደግሞ በሩን ሳይሆን መሠረቱን ይመርምሩ።

ከአሉሚኒየም ይልቅ የዋንዛ በር የሚመርጥ ሰው ደፉንና ቱምቢውን በዚሁ መንገድ ይሥራ። በተጨማሪ የቋሚዎቹ እግር ከወለሉ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጥና ጫፉ ቀለም ይጠጣ፤ እርጥበት የሚወጣው ምስጥም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለብረት በር ደግሞ የመቃኑ እግሮች ልስን ከመለሰኑ በፊት በኮንክሪት ይያዙ፤ ብየዳው ሁሉ በአንቲ ረስት ይቀባ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ የደፉን ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ያጽዱ፤ የታችኛውን መቀርቀሪያ ቀዳዳ ከአሸዋ ያራግፉ፤ የተሰነጠቀ ሲሊኮን ካለ ቆርጠው ያውጡና አዲስ ይሙሉ፤ በአሮጌው ላይ የተደረበ አይዝም። ማጠፊያዎቹ ላይ ጥቂት ዘይት ያድርጉ፤ ጎማውን ግን ዘይት አያስነኩት።